በወንድሜ ደጃፍ ላለማለፍ

በ2015 ዓ.ም. የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበርሁ። ግንቦት ገብቶ ነበር። ማክሰኞ ቀን፣ መርሳ፣ ግቢዬ ውስጥ ከማንጎው ሥር ተቀምጬ ሳለሁ የእህቴ ልጅ ከጅማ ማዶ ደወለችልኝ።

«አጎቴ፣ እናቴ ደክማለች» አለችኝ። «እህል ትታለች። ሁለቱን ወንድሞቼን አንድ ላይ ሳላይ እንዳትቀብሩኝ እያለች ነው። ለዚያኛው አጎቴም ደውያለሁ። ቶሎ ድረሱላት።»

እህቴ የሁላችን ታላቅ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ገና ጡት አልጣለም። እሷ ዐሥራ አራት ቢሆናት ነው። ወንድሜን በጀርባዋ አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ፣ በሌላ እጇ ደግሞ ቤቱን ይዛ አሳደገችን። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከባሏ ጋር የሰፈራ መኪና ላይ ወጣችና ወደዚያ አገር ሄደች። በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ በዓይኔ ያየኋት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

ልሂድ አልሂድ ብዬ አላመነታሁም። ያስቸገረኝ «አንድ ላይ» የሚለው ቃል ነው። እኔና ወንድሜ ከተነጋገርን አራት ዓመታችን ነበር።

ነገሩ የውሃ ነው። ግራና ቀበሌ ላይ ካባታችን የወረስናት መሬት አለች። ለሁለት ተካፍለናታል። ውሃው ግን አንድ ቦይ ነው፤ ሐሙስ የኔ ተራ፣ ዓርብ የሱ። አንድ ሐሙስ ብወርድ ውሃው የሱ ሽንኩርት ውስጥ ይንዶለዶላል። የኔ የማንጎ ችግኝ ቅጠሉን አጠውልጎ ቆሟል። ሰው በተሰበሰበበት ሌባ አልሁት። እሱ ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት፣ «ወላሂ! ከዛሬ ወዲያ ደጅህን አልረግጥም!» ብዬ ማልሁ። የውሃ አባት የሚባለው፣ ተራውን የሚያስከብረው ሽማግሌ፣ በዚያ ሳምንት ቦይ ሲጠረግ ስለነበረ ተራውን አዛውሮት ኖሯል። ይህን የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። ሰምቼም ዝም አልሁ። አንዴ ሌባ ያልሁትን ሰው እንዴት አድርጌ ደህና ሰው ነህ ልበለው?

ይኸ ሁለት ዓመት እንደሆነው የወንድሜ ሚስት ሞተች። ደግ ሴት ነበረች። መርሳ እንዳለ ነቅሎ ለቅሶ ሄደ፤ ሚስቴም ልጆቼም ሄዱ። እኔ ወገቤን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። የሰፈራችን ሸህ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «መሐላ ማፍረሻ አለው፤ ዐሥር ሚስኪን አብላ፤ ካልቻልህ ሦስት ቀን ጹም። ከዚያ ሂድና ወንድምህን አጽናና» አለኝ።

«ቃሌን በዐሥር ሳህን ወጥ አልሸጥም» አልሁት።

«ብትሸጠውማ ታተርፍ ነበር» አለና ዘንጉን አንሥቶ ሄደ።

እንግዲህ ባገራችን ያልደረሱትን ሐዘን በመኪና ማለፍ ከስድብ ይቆጠራል። ሰው ምንም ቢቸኩል ያቆማል፤ ገብቶ ይቀመጣል፤ ዱዓ አድርጎ ነው የሚወጣ። እኔ ሾፌር ሳለሁ መንገድ ከመጀመሬ በፊት ናፍጣና ዘይት እንደማይ ሁሉ፣ በመንገዱ ላይ የማን ቤት ሐዘን እንዳለም እጠይቅ ነበር። ከመርሳ ደሴ እስክደርስ ሦስት ቦታ ወርጄ ያለቀስሁበት ቀን አለ። ጭነቱ ይዘገያል፤ ባለጭነቱ ይቆጣል፤ እሱም ግን ያገር ሰው ከሆነ አብሮኝ ወርዶ ያለቅሳል።

የወንድሜ ቤት ውርጌሳ አስፋልቱ ዳር ነው። በሩ ወደ መንገዱ ነው። ከመርሳ ወደ ደሴ የሚሄድ ሁሉ በዚያ በር ፊት ያልፋል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደሴ መሄድ ትቼ ነበር። ለዓይኔ ደሴ ቀጠሮ ቢሰጡኝ ወልድያ ይበቃኛል ብዬ ቀረሁ። አንድ ቀን ብቻ ግድ ሆኖብኝ በሚኒባስ አለፍሁ፤ ውርጌሳ ስንደርስ ጋቢዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግሁና የተኛሁ መሰልሁ። አሁን ግን በትልቁ ልጄ መኪና ነው የምንሄደው። ፍራፍሬ እየጫነ ወልድያ የሚያመላልስባት ደብል ጋቢና ፒክአፕ ናት። ወንድሜ መኪናዋን በድምጿ ያውቃታል። ልጄም ያጎቱን ቤት ሳይወርድ አያልፍም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጄ መጣ። እሱም አርባ አልፎታል፤ እኔ ፊት ግን ሲቀመጥ አሁንም ጉልበቱን ሰብስቦ ነው።

«አባቴ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ እንነሣ» አለ። «ቁርስ ደሴ እንበላለን። አዳራችን አዲስ አበባ ነው። ሐሙስ ወደ ማታ አክስቴ ቤት ነን።»

«በደሴ አንሄድም» አልሁ።

«ታዲያ በየት ሊሄዱ ነው? በሰማይ?» አለች ሚስቴ ከውስጥ።

«በወልድያ አድርገን፣ በሐራ፣ በጭፍራ ሚሌ እንወጣለን። ከሚሌ ቁልቁል አዋሽ። ከአዋሽ አዳማ።»

ልጄ ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። «አባቴ፣ በዚህ በኩል ከመቶ ኪሎሜትር በላይ ይረዝማል ይላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ስልኩ።»

«ስልክህ ዳገት ወጥቶ ያውቃል?» አልሁት። «ኤንትሬ ከባድ መኪና ይዤ አሰብ የተመላለስሁት እኔ ነኝ ወይስ ስልክህ? ይች መኪናህ ጣርማበርን ስትወጣ ሞተሯ ይፈላል። የደሴ ቁልቁለት ፍሬን ይበላል። ከሸዋ ሮቢት ወዲህ ባለው ሁሉ ከተማ፣ ባጃጁ፣ አህያው፣ ጋሪው አያስኬድህም። የሚሌ መንገድ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። ረጅም ይሁን! አራተኛ ማርሽ አስገብተህ እጅህን መሪው ላይ ጣል ነው።»

ያልሁት ሁሉ እውነት ነበር። እውነት እየተናገርሁ ነው የዋሸሁት። እንዲህ ያለውን ውሸት ማንም አይዝብህም፤ ራስህም ጭምር።

ልጄ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «መንገድን ከአንቱ በላይ ማን ያውቃል? አንቱ ካሉ በዚያ ነው» አለ። ደግሞም፣ «አጎቴንስ? የኋላው ወንበር ላይ ቦታ አለ። ብደውልለት ምን ይመስልዎታል?»

«እሱ የራሱን መንገድ ያውቃል።»

ልጄ ተነሥቶ መኪናውን ሊያጥብ ሄደ። ሚስቴ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣችና ከፊቴ ቆመች። በደህና ቀን አንቱ ነው የምትለኝ፤ ሲመራት ግን አንተ ትላለች።

«አንተ ሰውዬ፣ የምትሸሸው ዳገቱን አይደለም። ያንድ ሰው ደጃፍ ነው።»

«ሥራሽን ሥሪ።»

«ሦስት ቀን ጾም አቅቶህ የሞት መልአክን በጭፍራ ዙር ልትቀድመው ነው?»

«ልብስሽን አዘጋጂ» አልኋት።

ረቡዕ ገና ጎህ ሲቀድ ወጣን። ከቤታችን ተነሥተን አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ልጄ ለአፍታ ቆም አለ። በአንድ ወገን ውርጌሳና ደሴ፣ በሌላው ወልድያ። አየኝ። ወደ ወልድያ አገጬን ሰበቅሁለት። መሪውን አዞረ።

«ጅማ ወልድያ ገባች እንዴ?» አለች ሚስቴ ከኋላ።

ሐራ ደርሰን ሻይ ጠጣን። እንጀራ በጎረድ ጎረድ እንብላ ቢሉኝ ጊዜ አልሰጠኋቸውም፤ «ፀሐይ ሳትበረታ ጭፍራን እንለፍ» ብዬ አስነሣኋቸው። መንገዱ እንዳልሁት ነበር። ለጥ ያለ። ግመል በዳርና በዳር ይሄዳል። ልጄ እጁን መሪው ላይ ጣል አድርጎ፣ «እውነትዎን ነው አባቴ፣ መንገድስ መንገድ ነው» አለ። ደስ አለኝ። እህቴን ረስቼ መንገድ በመምረጤ ብቻ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሚሌን እንዳለፍን የከባድ መኪናው ብዛት ጀመረ። ፀሐይዋ ከላይ፣ አስፋልቱ ከታች ይጋግራል። ገዋኔ ሳንደርስ፣ ቤትም ዛፍም በሌለበት፣ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ልጄ መኪናውን እንደ ምንም ዳር አወጣት። ክሪኩን አወጣ፤ መለዋወጫውን ጎማ፣ ስኮርታውን፣ ሊፈታ ከሥር ገባ። ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል።

«አባቴ፣ ስኮርታው ነፍስ የለውም።»

በጣቴ ተጫንሁት። እንደ ሊጥ ገባ። ሠላሳ ዓመት ስነዳ ስኮርታ ሳልነካ መንገድ ወጥቼ አላውቅም። ረዳቶቼን በዚህ ነገር አስለቅሼአለሁ። ያን ዕለት ግን ልጄም ሆነ ሚስቴ ሐሳቤን ሳያስቀይሩኝ ልውጣ ብዬ ስቸኩል እጄን እንኳ አላሳረፍሁበትም።

አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አቆመልንና ልጄን ከሁለቱ ጎማ ጋር ወደ ገዋኔ ጎሚስታ ወሰደው። እኔና ሚስቴ የመኪናዋ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ጥላው ጠባብ ስለሆነ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር እኛም እንዞራለን። ውሃችን ሞቆ ለገላ መታጠቢያ ሆኗል።

«በደሴ ብንሄድ ይኸን ጊዜ ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ይመታን ነበር» አለች ሚስቴ።

«ጋቢ ይዣለሁ ለብርዱ» አለች ደግሞ።

«ተይኝ እስቲ ልጅት!»

ተወችኝ። ብዙ ቆይታ፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ «እህትዎ እኮ ስትድረን የራሷን ነጠላ ነው ያለበሰችኝ» አለች። «የኔ አሮጌ ነበር። የሷን አወለቀችና ለሙሽራ አዲስ ነው የሚገባ አለች። ቀኑን ሙሉ በኔ ቡትቶ ነው ያስተናገደች።» ስድቡ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ የተመለሰው ዐሥር ሰዓት አልፎ ነው። ጎማውን ገጠምን። ኻያ ኪሎሜትር እንደሄድን፣ ጣርማበር ላይ ይፈላል ያልሁት ሞተር ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ፈላ። ራዲያተሩ ፈስሷል። ውሃ እየጨመርን፣ እየቆምን፣ እየጨመርን ገዋኔ ገባንና አደርን። በማግስቱ ሐሙስ የሚበይድ ሰው አግኝተን አስበይደን ስንጨርስ ስድስት ሰዓት ሆነ። አዳማ የደረስነው ልክ ሐሙስ ወደ ማታ ነው። ልጄ ባወጣው መንገድ ቢሆን እህቴ ቤት ልንሆን የነበረበት ሰዓት ነው።

መኝታ እየያዝን ሳለ የእህቴ ልጅ ደወለች።

«የት ደረሳችሁ አጎቴ? ያኛው አጎቴ እንኳ ገብቷል።»

«ማን?»

«ወንድምዎ ነዋ። አሁን ገና ገባ። በአውቶቡስ ነው የመጣው።»

እሷ፣ «ቆይ እናቴ ጆሮ ላይ ላድርግልዎት» አለች። እኔም «እታለም፣ እኔ ነኝ። መጣሁ። ነገ አለሁልሽ» አልኋት። መልስ የለም። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል፤ ሳንቃ ላይ ሳር እንደሚጎተት ዓይነት። ሌላም ነገር ብዙ ልላት ይገባኝ ነበር። ነገ በአካል እነግራታለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ዓርብ ሌሊቱ ሳይነጋ ተነሣን። አዲስ አበባን በጧቱ አለፍናት። ልጄ እንደ ወፍ ነው የሚነዳው፤ እኔም ቀስ በል አላልሁት። ወልቂጤ ለቁርስ ቆምን። ልጄ ስልኩ ጠራና ወደ ውጭ ወጥቶ አነጋገረ። ተመልሶ ሲገባ፣ «ማን ነው?» አልሁት።

«ከአክስቴ ቤት ናቸው። ደህና ናት። ቀስ ብላችሁ ኑ ነው ያሉት።»

ሚስቴ የያዘችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰች። እኔ እንዳልገባኝ ሆንሁ።

ከወልቂጤ ወጥተን ወደ ጊቤ ስንወርድ ልጄ በሁለተኛ ማርሽ ነው የወረደው። ቁልቁለት ነው፣ ደግ አደረገ ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ድልድዩን ተሻገርን። ሜዳው ላይ ስንወጣም ማርሹን አልቀየረም። ሠላሳ ዓመት መሪ የያዘ ሰው የሚነዳውን ሰው ስሜት ከተቀመጠበት ወንበር ያውቀዋል። ጧት የሚከንፈው ልጅ አሁን በሬ እንደሚነዳ ሰው ሆነ። የሚደርስበት ነገር የሌለው ሰው ነው እንዲህ የሚነዳው። ያን ጊዜ እህቴ መሞቷን አወቅሁ። ማንም አልነገረኝም፤ ማርሹ ነገረኝ።

«ምነው ዘገየህ?» አልሁት።

«መኪናዋ እንዳትፈላ ብዬ ነው» አለ። መንገዱን እንጂ እኔን አያየኝም።

መርዶ በመንገድ አይነገርም። ልጄ እያወቀ፣ ሚስቴ እያወቀች፣ እኔም እያወቅሁ፣ ሦስታችንም እንደማያውቅ ሰው አራት ሰዓት ተጓዝን። ሚስቴ ከኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር። አንዴ እንኳ «እንዲህ ነው በጭፍራ ዙር» አላለችኝም። ብትለኝ ኖሮ እቆጣና ይቀለኝ ነበር።

የደረስነው ለመግሪብ ሶላት ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀር ነው። ከግቢው በር ላይ ድንኳን ተጥሏል። ሰዎች ተነሡልን። ሚስቴ ከመኪናው ሳትወርድ ጀምራ አለቀሰች። እኔ ጠባብ እንጨት አግዳሚ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው ያየሁት። ወንድሜ ነው። ፂሙ ሁሉ ነጭ ሆኗል። አራት ዓመት እንደዚህ ያስረጃል አላልሁም ነበር። ተነሥቶ መጣና ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ለቅሶ ላይ ማን ማንን ይገፋል? አብረን አለቀስን። እሱ ለእሷ ነው ያለቀሰው። እኔ ለየትኛው እንዳለቀስሁ አላውቅም።

ስንቀመጥ የእህቴ ልጅ ነገሩን ነገረችኝ። ሱብሂ ላይ ነው ያለፈችው። ጧት ሊቀብሯት ሲነሡ ወንድሜ፣ «ታላቄ መንገድ ላይ ነው፤ እስከ ጁምዓ ቆዩልኝ» ብሎ ለመናቸው። ቆዩለት። ከጁምዓ በኋላ የጀናዛዋ ሶላት ተሰገደ። ጎረቤቶቹ፣ «ሙት አይቆይም፣ ይበቃል» ሲሉት፣ እሱ ወደ አስፋልቱ ወጥቶ አየና ተመልሶ፣ «እሺ፣ አንሡ» አለ።

እሷ ምግብ ልታቀርብ ስትሄድ እኔና ወንድሜ ለብቻችን ቀረን። እሱ ነው የጀመረው።

«ረቡዕ ዕለት ጠበቅሁዎት» አለ።

«የት?»

«ደጄ ላይ ነዋ። የእህታችን ልጅ በመኪና ነው የሚመጡ አለችኝ። በሌላ የት ያልፋሉ? ከሱብሂ ጀምሬ አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ስንቅም ቋጥሬ ነበር፤ ለእርስዎም ጭምር። ፒክአፕ ባለፈ ቁጥር እነሣለሁ። አጠገብዎ ልቀመጥ ብዬ እንኳ አይደለም። ካልፈለጉኝ ከኋላ ጭነቱ ላይም ቢሆን እወጣ ነበር።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ዙህር አዛን እስኪል። ከዚያ ሚኒባስ ይዤ ደሴ፣ ከደሴም ሌሊቱን አዲስ አበባ ገባሁ።»

ግማሽ ቀን ነው። ያን ግማሽ ቀን ደጁ ላይ ባላስፈጅበት ኖሮ እህታችንን አንደበቷ ሳይያዝ ያገኛት ነበር። እኔ ብቻ አይደለሁም የዘገየሁት፤ እሱንም አዘገየሁት። እሱ ግን ይህን አላለኝም። እኔ ነኝ ያሰላሁት።

«አወቀችህ?» አልሁት።

«እጄን ይዛ ዳሰሰችው። ከዚያ ደግሞ ከጀርባዬ ሰው ትፈልግ ጀመር፤ በእጇ። አንዱስ ማለቷ ነው። መንገድ ላይ ነው አልኋት። አልዋሸሁም። መንገድ ላይ ነበሩ።»

ያን ጊዜ ልነግረው ይገባኝ ነበር። የውሃ አባቱ ተራውን ማዛወሩን ሰምቼ መዋጤን፣ የሚስቱን ለቅሶ በወገቤ ማመካኘቴን፣ በሚሌ የዞርሁት ከደጁ ሸሽቼ መሆኑን። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እኔ ያልሁት ግን ሌላ ነው።

«የሚሌ መንገድ ደህና ነበር። ጎማው ነው ያስቀረን።»

ወንድሜ አየኝ። ሾፌር አይደለም፤ ዕድሜውን በሱቅና በእርሻ የጨረሰ ሰው ነው። ግን ከመርሳ ወደ ጅማ የሚሄድ ሰው ሚሌ ምን ሊሠራ እንደሚወርድ ለማወቅ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም።

«ኸረ ጎማ ነው» አለ። ከዚያም አንገቱን አቀርቅሮ፣ «ጧት አብረን መቃብሯን እናያለን ኢንሻአላህ» አለኝ።

«መስጊዱ ጀርባ አይደለ? መንገድ አይጠፋኝም» አልሁት።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ሱብሂን እንደሰገድሁ ማንንም ሳልቀሰቅስ ወጣሁ። ምድሩ እርጥብ ነው፤ የኛን አገር አይመስልም። ከመስጊዱ ጀርባ መቃብሩን አገኘሁት። ያን ሳምንት ሌላም ሰው ሞቶ ኖሮ፣ ሁለት አዲስ አፈር ነበር። ሁለቱም ላይ ለምለም ቅጠል ተተክሏል። ጽሑፍ የለባቸውም፤ ቢኖርም ፊደል እየቆጠርሁ ነው የማነብ። የሚያልፉ ሴቶች ነበሩ፤ አልጠየቅኋቸውም። እህቴን የምትመስለውን መረጥሁ፤ አነስ ያለችውን። ተንበርክኬ ፋቲሃ ቀራሁላት። ከትናንት በስቲያ በስልክ ያላልኋትን ሁሉ አልኋት። ለወንድሜ ያልነገርሁትንም ነገርኋት። ብዙ ቆየሁ፤ ጉልበቴ ውሃ ጠጣ።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ወንድሜ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሰላሙ አለይኩም» አለኝ፤ አጠገቤ አልቆመም። አልፎኝ ሄደና የሌላኛው መቃብር ራስጌ ቆሞ እጁን ዘረጋ። እኔም ጭቃውን ሳላራግፍ ተነሥቼ ወደ እሱ ሄድሁና ከጎኑ ቆምሁ።